ስለ ባዶ ቦታ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ (ዌብሳይት ለምታሠሩም ለምትሠሩም)

ጎንደር ውስጥ ዌብሳይት እሠራለሁ። ደንበኞቼ ፔንሲዮን ያላቸው ሰዎች፣ አስጎብኚዎች፣ ክሊኒኮች፣ የባህል ልብስ ሻጮች ናቸው። ሥራቸው ይለያያል። የመጀመሪያውን ንድፍ ሳሳያቸው ግን የሁሉም ጣት ሄዶ የሚያርፈው ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ነው። «እዚህ ጋ ምን ልታስገባበት ነው?» ይሉኛል። «ምንም» ስላቸው ፊታቸው ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ እዚህ አንድ ላይ ሰብስቤ እመልሳቸዋለሁ።

ባዶ ቦታ ስትል ምን ማለትህ ነው? ነጭ መሆን አለበት እንዴ?

የለበትም። ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም በተን (በጣት የሚነካ ቁልፍ) ያላረፈበት ቦታ ሁሉ ባዶ ቦታ ነው። ጥቁር ቢሆን፣ አረንጓዴ ቢሆን ለውጥ የለውም። በፎቶ ውስጥ ያለ ጥርት ያለ ሰማይም ባዶ ቦታ ነው። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ከተማዋን ስታነሱ ከላይ የሚቀረው ሰማይ ርዕስ ለማስቀመጥ በጣም ይመቻል።

ትልቅና ትንሽ አለው። ትልቁ በገጹ ክፍሎች መካከልና በግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ የምንተወው ነው። ትንሹ ደግሞ በመስመርና በመስመር፣ በቃልና በቃል፣ በበተኑ ጽሑፍና በበተኑ ጠርዝ መካከል ያለው ነው። ባዶ ቦታ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ትልቁ ነው። ንባቡን የሚያቀለው ወይም የሚያደክመው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው፤ እኔም ከሥራ ሰዓቴ ብዙውን የማጠፋው እሱ ላይ ነው።

ለገጹ ገንዘብ ከፍያለሁ። ለምን ባዶ ይቀራል?

ይሄ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ስታወጡ የምትከፍሉት በቦታው ስፋት ነው። ባነርም የሚታተመው በካሬ ነው። ስለዚህ ባዶ የቀረች ስንዝር ሁሉ የተጣለች ብር ትመስላለች። ዌብሳይት ላይ ግን ቦታ በካሬ አይሸጥም። ገጹ ወደ ታች የፈለጋችሁትን ያህል ይረዝማል፣ ዋጋውም ያው ነው። እዚህ የሚያጥረው የሰውየው ትዕግሥት ነው።

እስቲ ፋሲል ግቢን አስቡት። የአጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ ከፋሲለደስ ጀምሮ እስከ ምንትዋብ ድረስ የተሠሩት ግንቦች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ሣር። እንግዳ ይዛችሁ ስትገቡ የፋሲለደስን ግንብ ሙሉውን፣ ከነአራቱ ክብ ማማዎቹ ለማሳየት ወደ ኋላ ትሸሻላችሁ አይደል? የምትሸሹት ወደዚያ ሣር ነው። ሣሩ ላይ ሱቅ ተደርድሮበት ቢሆን ግድግዳው ሥር ቆማችሁ፣ አንገታችሁን አቅንታችሁ የምታዩት ድንጋይ ብቻ ነበር። ግንቡ ያው ግንብ ነው፤ የሚታየው ግን ፊቱ ክፍት ስለሆነ ነው። ገጻችሁ ላይ ሰው እንዲያየው የምትፈልጉት ነገር ካለ ፊት ለፊቱ ሣር ያስፈልገዋል።

እሺ፣ ከማማር ሌላ ምን ይሠራል?

የትኛው ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይናገራል። ማክስ ቬርትሃይመር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ተቀራርበው የተቀመጡ ነገሮችን እንደ አንድ ቡድን እንደሚያያቸው አሳይቷል። ይህንን ለማወቅ ሳይንስ ላያስፈልግ ይችላል፤ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ሴት አንዱን መደብ ከሌላው የምትለየው በመካከሉ ክፍተት በመተው ነው። ዌብሳይት ላይ ስንመጣ ግን ሁላችንም እንረሳዋለን።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የፔንሲዮን ገጽ ነው። የሲንግል ክፍል ፎቶ፣ ከሥሩ ዋጋ፣ ከሥሩ የደብል ክፍል ፎቶ፣ ከሥሩ ዋጋ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በሁሉም መካከል ያለው ክፍተት እኩል 20 ፒክስል ነው (ፒክስል ስክሪን ላይ ርቀት የምንለካበት ትንሽ ነጥብ ነው)። አሁን መሀል ላይ ያለው ዋጋ የማን ነው? ከላዩ ያለው ፎቶ ነው ወይስ ከታቹ? የሠራው ሰው ያውቃል። ከባሕር ዳር ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ በስልኩ የሚያየው እንግዳ አያውቅም፤ ስለዚህ ይደውላል፤ አለዚያ ትቶት ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዋጋውን ወደ ራሱ ፎቶ 8 ፒክስል አስጠጉት፣ ከቀጣዩ ፎቶ 48 ፒክስል አርቁት። መስመር ማስመር፣ ሳጥን መሥራት፣ ቀለም መቀባት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሥራው ዓይን የት እንዲያርፍ መንገር ነው። ይህንን በዓይኔ ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ፒያሳ አካባቢ ላለ ፔንሲዮን ገጽ ሠርቼ ባለቤቱ ብዙ ነገር ጨመሩበት። «ክፍል ይያዙ» የሚለው በተን በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ምልክቶች መካከል ተሰነቀረ፤ ከላዩ የርቀት መረጃ፣ ከሥሩ የቁርስ ሰዓት። ካፌ ቁጭ ብለን ቡና የምታፈላዋን ልጅ ስልኩን ሰጠናት። «እስኪ ክፍል ያዢልን» አልናት። በአውራ ጣቷ ወደ ታች ወረደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወረደች። ፌስቡክ ነካች፣ ገጹ ጠፋባት። ተመልሳ «የቱ ጋ ነው?» አለችን። በተኑ እዚያው ዓይኗ ሥር ነበር።

ላፕቶፑን ከፈትኩና በበተኑ ዙሪያ 32 ፒክስል ለቀቅኩለት። ምልክቶቹን ወደ ገጹ ግርጌ አወረድኳቸው። ቀለሙን አልቀየርኩም፤ መጠኑንም አልጨመርኩም። ልጅቷ ቦታውን ስላወቀችው ሌላ ሰው ፈለግን፤ ሻይ ሊጠጣ የገባ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ስልኩን ተቀበለ፣ «ይኸው» አለ፣ ነካው። ባለቤቱ ስልኩን ወስደው ራሳቸው ሦስት ጊዜ እየተመለሱ ነካኩት።

ሁሉንም ከላይ ካላስገባነው ሰው ወደ ታች አይወርድም፤ አይደለም?

ይወርዳል። ቲክቶክ ላይ ማታ ማታ ስንት ጊዜ ጣታችሁን እንደምታንቀሳቅሱ አስቡ። ሰው ወደ ታች የማይወርደው የመጀመሪያው ስክሪን ግራ ሲያጋባው ወይም ገጹ እዚያው ያለቀ ሲመስለው ነው። ሁለተኛው አደጋ የእኛ የዲዛይነሮች ጥፋት ነው። ከላይ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ ትተን ስክሪኑ ልክ እዚያ ላይ ሲቆረጥ፣ ሰው «አለቀ» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የቀጣዩ ክፍል አናት ትንሽ ብቅ ብሎ እንዲታይ አድርጉ።

ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ ነገር አለው?

አለው፤ ከሁሉም በላይ እንዲነበብ የምፈልገው መልስ ይሄ ነው።

የላቲን ጽሑፍ ከመስመሩ በላይ የሚወጡና ከመስመሩ በታች የሚወርዱ ፊደላት አሉት። ዓረፍተ ነገሩ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ዓይን እነዚህን እየያዘ ነው የሚሄደው። የእኛ ፊደላት ግን ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነትም የላቸውም። አጠጋግታችሁ ስትደረድሯቸው አንቀጹ ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ዝግጁ ቴምፕሌቶች ደግሞ የተሠሩት ለላቲን ነው። በእንግሊዝኛ አምሮ የታየ ገጽ አማርኛ ሲገባበት ድንገት የሚታፈነው ለዚህ ነው። ችግሩ የአማርኛ አይደለም፤ ልኩ ለእኛ አልተሰፋም።

እኔ ለዋና ጽሑፍ የመስመር ከፍታውን ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ላይ እጀምራለሁ። ለርዕስ 1.4። ፎንቱን አይቼ ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኒያላ ተመሳሳይ ቁጥር ላይ አንድ ዓይነት አይመስሉም።

ቀጥሎ የቃል ርዝመት አለ። አማርኛ አንድ ሙሉ ሐሳብ በአንድ ቃል ይቋጥራል፤ «እንደሚያስተናግዷችሁ» አንድ ቃል ነው። ስልክ ላይ ጽሑፉን ከግራም ከቀኝም እኩል እንዲሰለፍ ካደረጋችሁት፣ ረጅሙ ቃል ወደ ታች ይወርድና የቀሩት ሁለት ቃላት መስመሩን ለመሙላት ይለጠጣሉ። በመካከላቸው ጉድጓድ ይፈጠራል። ይሄ መጥፎ ባዶ ቦታ ነው። ከግራ ብቻ አሰልፉት፣ ቀኙ ወጣ ገባ ይበል፤ ምንም አይደለም።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር ነው። ድሮ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ነበር። ቃላቱ ቢቀራረቡም ቢራራቁም ነጥቡ ድንበሩን ይጠብቃል። አሁን ስንተይብ ሁለት ነጥብን ትተነዋል። ድንበር የመጠበቁ ሥራ ሙሉ በሙሉ በባዶ ቦታው ላይ ወድቋል። ስለዚህ ፊደላትን ለማሳመር ብላችሁ አራርቃችሁ «ጎ ን ደ ር» ስትሉ ቃሉን በትናችሁታል ማለት ነው፤ አንባቢው ፊደል እየቆጠረ እንደገና ሊገጣጥመው ነው። እባካችሁ ይሄን ተዉት።

ከዚሁ ጋር፣ ከአራት ነጥብ በፊት ቦታ አትተዉ። «መጣ» ብላችሁ፣ ስፔስ መትታችሁ፣ ከዚያ «።» ካስቀመጣችሁ፣ ጠባብ ስክሪን ላይ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይወርዳል። ክፍተቱ የሚመጣው ከነጥቡ በኋላ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ገጹን ችላ የተባለ የምታስመስለው ግን እሷ ናት።

ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው። የእኛ ባህል መሙላት ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አላየህም?

አይቻለሁ፣ ደጋግሜ። ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ እውነት ነው። ግን ቀና ብላችሁ ስታዩት ፊቶቹ በረድፍ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ክንፎቻቸው በመካከላቸው እኩል ርቀት ይጠብቃሉ። ማንም በማንም ላይ አልወጣም። ደግሞ እዚያ የሚገባ ሰው ስልክ ቁጥር ወይም የክፍል ዋጋ ፍለጋ አይደለም የመጣው፤ ሊጸልይ፣ ቆሞ ሊያይ ነው። ገጻችሁ ሥራው ሌላ ነው።

ከጣሪያው ይልቅ ብራናውን ብታዩልኝ ደስ ይለኛል። አንድ ጊዜ አንድ አባት አትሮንስ ላይ ያለ የቆየ መጽሐፍ ገልጠው ሲያሳዩኝ መጀመሪያ ያየሁት ጽሑፉን አልነበረም። ኅዳጉን ነው። በሁለት ዓምድ የተጻፈው ጽሑፍ ንጹሕ ነው፤ ዙሪያውን ሰፊ ኅዳግ አለ፤ ከታች ያለው ከሁሉም ይሰፋል። የታችኛው ጥግ ደግሞ ጠቁሯል፣ ወዝ ጠጥቶ ያብለጨልጫል። ለስንት ዘመን ገጽ ሲገልጥ የኖረ አውራ ጣት ያረፈው እዚያ ነው። ጽሑፉ ላይ ጣት አልደረሰም። ጸሐፊው ገና ብዕሩን ቀለም ሳያስነካ ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ፣ ኅዳጉን ለይቶ ነው የጀመረው። ቆዳው ውድ ነበር፤ ፍቆና ዳምጦ ማዘጋጀቱ ብዙ ቀን ይፈጃል። እንደዚያም ሆኖ ኅዳጉን አልሰሰተም። ስለዚህ ባዶ ቦታን የፈረንጅ ነው ለሚሉኝ ሰዎች አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት እንደነበር በሙሉ ልቤ ነው የምናገረው።

ስልክ ላይስ? ስክሪኑ እኮ ጠባብ ነው።

ጠባብ ስለሆነ ነው የባሰ የሚያስፈልገው። የብራናው አውራ ጣት ዛሬ ስልክ ላይ ነው ያለው። በግራና በቀኝ ቢያንስ 16 ፒክስል ልቀቁ፤ ጽሑፍ የስልኩን ጠርዝ ሲነካ ያስጨንቃል።

በኮምፒዩተር ያማረ 120 ፒክስል ክፍተት ስልክ ላይ እንዳለ ከቀረ ግን ብዙ ቦታ ይበላል። እዚያ ወደ 48 አውርዱት። ሁለት የሚነኩ ነገሮች ጎን ለጎን ካሉ በተለይ ተጠንቀቁ፤ «ደውሉ» እና «ሰርዙ» ተጣብቀው ያየሁበት ገጽ አለ።

ቁጥር ስጠኝ። ስንት ፒክስል?

አንድ መሰላል ያዙና ከእሱ አትውጡ፦ 8፣ 16፣ 24፣ 32፣ 48፣ 64። አንዱ ጋ 17፣ ሌላው ጋ 21፣ ሌላው ጋ 30 ሲሆን ሰው ምን እንደሆነ ባይገባውም የሆነ ነገር ይረብሸዋል።

ለሚነካ ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ (ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የሚያዘው) 2.2 በመካከለኛ ደረጃው የሚጠይቀው ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ነው። የጉግል የዲዛይን መመሪያ 48 ይላል። እኔ 48ን እይዛለሁ፤ ደንበኞቻችን ውስጥ ሽማግሌዎች አሉ፣ ስክሪናቸው የተሰነጠቀም አለ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 2.1 ደግሞ አንባቢው በራሱ መሣሪያ የመስመር ከፍታውን ወደ ፊደሉ መጠን 1.5 እጥፍ፣ ከአንቀጽ በኋላ ያለውን ክፍተት ወደ ፊደሉ መጠን 2 እጥፍ ቢያሰፋው ገጹ መሰባበር፣ ጽሑፍም መቆረጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። ይህንን ለማሟላት የበተናችሁን ቁመት በቁጥር አትቆልፉት፤ በፓዲንግ (በጽሑፉና በበተኑ ጠርዝ መካከል በሚተወው ክፍተት) ይተንፍስ።

ባዶ ቦታ ዳታ ይበላል?

አይበላም። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የሚጻፍ ጥቂት ፊደል ነው። ዳታ የሚበላው ሳይጨመቅ የተጫነው ፎቷችሁ ነው። እንዲያውም ሦስት ፎቶ አውጥታችሁ ቦታውን ክፍት ብትተዉት ገጹ ቶሎ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ሲደክም የምታመሰግኑት ይሄንን ነው።

ሲበዛስ?

ይበዛል፣ ያበላሻልም። ፎርም ላይ «ስም»፣ «ስልክ» የሚለው መጠየቂያና መልሱ የሚሞላበት ሳጥን ተራርቀው ካያችሁ በዝቷል። የዋጋ ዝርዝር፣ የመኪና መነሻ ሰዓት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ እነዚህን ሰው የሚያነባቸው እያወዳደረ ነው፤ በዓይን አንድ ጊዜ መያዝ አለባቸው። እነሱን በታትናችሁ በስድስት ስክሪን ላይ ብትዘረጓቸው ሰው የላዩን ረስቶ ነው የታቹ ጋ የሚደርሰው። ክሊኒክ በመጀመሪያው ስክሪን ላይ አንድ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀምጦ የድንገተኛ ስልኩን ከታች ቢቀብረው ስህተት ነው። የታመመ ልጅ የያዘች እናት ያንን ዓረፍተ ነገር አትፈልገውም።

ዲዛይነር ሳልቀጥር ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?

በደንብ። ገጻችሁን ስልክ ላይ ክፈቱና ክንድ ያህል አርቃችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ፊደሉ ይደበዝዛል፣ የሚቀረው ጥላ ነው። ጥላው አንድ ወጥ ከሆነ ሰው የት እንደሚጀምር አያውቅም። ሦስት ወይም አራት የተለያዩ እብጠቶች ካያችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ ሰው ገብቶ ማድረግ ያለበትን አንድ ነገር ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ዙሪያውን እጥፍ አድርጋችሁ ክፈቱት። ሌላ ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ገጹን የማያውቀው ሰው እጅ ላይ ስልኩን አስቀምጡና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ «እዚያ ጋ እኮ ነው» ማለት ያምራችኋል። አትበሉ።

ጥምቀት ሲደርስ ብዙ ማስታወቂያ አለኝ። የት ልተው ባዶ ቦታውን?

ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ይመጣል። ቅናሽ፣ የክፍል ዋጋ፣ የአየር ማረፊያ ትራንስፖርት፣ የስሜን ተራሮች ጉዞ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ባለ ቀለም ምስል፣ ሁሉም ከላይ መውጣት ይፈልጋሉ። የዚያን ሰሞን እንግዳ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ መልስ ነው፦ ለጥር 10 እና 11 ሌሊት ክፍል አለ ወይስ የለም? እሱን ከላይ አስቀምጡት። ካለ «አለ»፣ ከሞላ «ሞልቷል» በሉት፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥሩ፣ ከዚያ 48 ፒክስል ክፍት ቦታ። ትራንስፖርቱና ጉዞው ከዚያ በታች በየተራቸው ይምጡ። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ምስል ግርጌ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ያምርበታል፤ ጥር 13 ቀን ማንሳቱን ብቻ አትርሱ።